ኳስ በሌለበት ወራት

ክረምት ገብቶ ወደ አንበሳሜ ስንመለስ ሊጉ አርፏል። ገበሬው ማሳውን በከብት እያስረገጠ ጤፍ ይዘራል፤ እኛ ደግሞ ሻይ ቤት ተቀምጠን ከጎንደሩ ፋሲል ከነማ ማን ሄደ፣ ማን መጣ እያልን እንነታረካለን። ጨዋታ የለም፣ ነጥብ የለም፣ ወሬ ብቻ!

ታዲያ የምንደግፈው ማንን ነው? በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ «አሸነፍን» ብለን ጨፈርን። ከዚያ ወዲህ ተጫዋቹ ተለዋውጧል፤ ስሙና ማልያው ግን አሉ። እንግዲህ ፍቅራችን ለስሙ ነው ማለት ነው። ይሁን። ነገር ግን እንጀራ ፍለጋ ወደ ሌላ ክለብ የተዛወረውን ልጅ «ከሃዲ» እንለዋለን። ጉልበቱ የደከመውን ደግሞ «ምን ያደርጋል፣ ይሰናበት እንጂ!» የምንለው እኛው ነን። እሱ እንዲታመንልን እንጠይቃለን፤ እኛ ግን አንታመንለትም። ይህ በሁለት ቁና መስፈር አይደለም ወይ?

ጨዋታ ሲኖር ጎሉ ይህን ጉዳችንን ይሸፍንልናል። በክረምት ግን የሚሸፍነው የለም።

«ደጋፊ ውጤት ካላየ ምን ይዞት ይቆያል?» የሚሉን አሉ። በ2012 ዓ.ም. ሊጉ በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰርዟል፤ ደጋፊነታችን ግን አብሮ አልተሰረዘም። ስለዚህ ያለ ውጤትም መታመን ይቻላል። ለማልያው ከቻልነው፣ ማልያውን ለብሶ ላቡን ላፈሰሰው ሰው የሚያቅተን ለምንድን ነው?

ሊጉ እስኪከፈት ድረስ እስቲ በዚህ እንከራከር።