ሕግ ነጻ ያለው ሁሉ ነጻ ነውን?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ቅቤ የገዛ ሰው ሻጩን ቢጠረጥር በሌላ ሚዛን ያስመዝናል። ደሙን ለላቦራቶሪ የሰጠ በሽተኛ ግን ውጤቱን በገዛ ዓይኑ ሊመረምር አይችልምና የተጻፈለትን ወረቀት አምኖ ይሄዳል።

በአሜሪካ አገር ኤልዛቤት ሆምስ የምትባል ሴት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ቴራኖስ የተባለ ኩባንያ አቋቋመች። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጥቂት ደም ብዙ ዓይነት ምርመራ እንሠራለን እያለች ከባለጸጎች እጅግ ብዙ ገንዘብ ሰበሰበች፤ መሣሪያው ግን የተባለለትን አይሠራም ነበር። በዚያ ይሠሩ የነበሩ ኤሪካ ቹንግና ታይለር ሹልትዝ የተባሉ ወጣቶች ያዩትን ተናገሩ፤ በ2015 ነገሩ በጋዜጣ ተገለጸ። በ2022 ሆምስ የ11 ዓመት ከ3 ወር እስራት ተፈረደባት።

እኔን ያሳሰበኝ ፍርዱ ነው። ጥፋተኛ የተባለችው ባለጸጎችን በማታለሏ ሲሆን፥ በሽተኞችን አታላለች ከተባለው ክስ ግን ነጻ ወጣች። ሕግ የሚፈርደው በቀረበለት ማስረጃ ነውና ዳኞቹን አልነቅፍም። ነገር ግን ሕግ ያልደረሰበትን ሕሊና ሊያልፈው ይገባልን? ታሞ ሳለ ጤነኛ ነህ የተባለ ሰው ጉዳቱ በገንዘብ አይተመንም፤ ብዙ ጊዜም ጉዳቱ ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ ይኖራል፤ ስለዚህ ከሳሽ አይሆንም።

እንግዲህ ነጭ ጋውን ለመልበስ የምትማሩ ልጆቼ፥ ያልመረመራችሁትን መርምረናል ብላችሁ አትጻፉ፤ አለቃችሁ ቢያዝዛችሁም እንቢ በሉ። በሽተኛው በአጠገባችሁ የለምና፥ በዚያች ሰዓት ስለ እርሱ የምትቆሙለት እናንተ ብቻ ናችሁ።