የአባት ፍጥነትና የልጅ ሐቅ



አንድ ወንድም ለዓመታት ላቡን አንጠፍጥፎ ባጠራቀመው ሐላል ገንዘብ፣ ወለድ ውስጥ ሳይገባ፣ ሲመኛት የኖረችውን ስፖርት ሴዳን መኪና ገዛ እንበል። ያን ጊዜ ከራሱ በቀር የሚያስብለት ሰው አልነበረውም። ቆይቶ አገባ፤ አላህም ልጅ ሰጠው። ዓቂቃው ወጥቶ፣ ዘመድና ጎረቤት «አላህ ያሳድገው» ብሎ መርቆ ከተበተነ በኋላ ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይህቺ መኪና ትሸጥ ወይስ ትቆይ?

ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የኑሮ ጉዳይ እንጂ የሥነ ምግባር ጥያቄ አይመስልም። የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው በሞላበት ከተማ ይህ የቅንጦት ጭንቀት ነው የሚልም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሰው ለራሱ የሚወደውን ነገር በእጁ ከተጣለበት አማና ጋር በሚያመዛዝንበት ቦታ ሁሉ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ዛሬ በመኪና የተጠየቀ አባት ነገ በበርጫው፣ በኳስ ምሽቱ፣ በሥራ ሰዓቱ መጠየቁ አይቀርም። መኪና የሌለን አባቶችም ብንሆን ጥያቄው ደጃችን ድረስ ይመጣል።

በቅድሚያ ስለ የትኛዋ መኪና እንደምንነጋገር እንግባባ። ስፖርት ሴዳን ስንል ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላትን የእሽቅድድም መኪና ማለታችን አይደለም። ሱባሩ እ.አ.አ በ1992 ያወጣት ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ ወይም ቶዮታ በ1998 ያወጣት አልቴዛ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። አራት በር፣ የኋላ ወንበርና የዕቃ መጫኛ አላቸው፤ በመልካቸው ከቤተሰብ መኪና ብዙ አይለዩም። ሞተራቸው ግን ጉልበተኛ ነው፤ ሞላቸው ጠንካራ፣ ከመሬት ያላቸው ከፍታም ዝቅ ያለ ነው። ሁለት መቀመጫ ብቻ ያላት ብትሆን ኖሮ ልጁ ራሱ በመምጣቱ ብቻ ጉዳዩን ይፈርደው ነበር። እዚህ ግን ለሕፃኑ ቦታ አለ። የሚያስገድድ ነገር ስለሌለ ውሳኔው ሙሉ በሙሉ በአባትየው ላይ ይወድቃል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንደኛው «አባት ሆነሃል፣ ልጅነቱ ይብቃህ፣ ሽጣት» የሚል ነው። ሁለተኛው «ገንዘቡ የራስህ፣ መኪናዋም የራስህ፣ ማን አገባው?» የሚል ነው። የመጀመሪያው አላህ ያልከለከለውን ደስታ ሁሉ ከአባትነት ጋር የማይሄድ አስመስሎ ያቀርበዋል። ሁለተኛው ደግሞ ሰው ልጅ ከወለደ በኋላም ብቻውን እንደሚኖር አድርጎ ያስባል። ሁለቱም ችኩል ምክሮች ናቸው።

ለመሆኑ በምን እንመዝነው? የኡሱል ሊቃውንት፣ ከእነርሱም መካከል ኢማም አል-ገዛሊና ኢማም አሽ-ሻጢቢ፣ የሰውን ልጅ ጥቅሞች በሦስት ደረጃ ከፍለው አስተምረውናል። የመጀመሪያው ዶሩሪያት ነው፤ ያለ እርሱ ሕይወት ሊቆም አይችልም፤ ነፍስን መጠበቅም ከዚሁ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ሓጂያት ነው፤ ይህ ባይኖር ሰው ባይሞትም ኑሮው ይከብዳል። ሦስተኛው ተሕሲኒያት ነው፤ ኑሮን የሚያሳምርና የሚያስውብ ነገር ሁሉ እዚህ ይገባል። ሦስቱም ቦታ አላቸው። ሲጋጩ ግን ታችኛው ለላይኛው ይለቃል።

ይህን ሚዛን በያዝነው ጉዳይ ላይ እናስቀምጠው። የሕፃኑ ሕይወት ዶሩሪያ ነው። ልጁ በሌሊት ቢታመም ሐኪም ቤት የምታደርስ መኪና መኖሯ ሓጂያ ነው። መኪናዋ ስትፈተለክ የሚሰማው ደስታ ተሕሲኒያ ነው። ደስታው ሐራም ነው ያለ የለም። ጥያቄው ከላይ ካሉት ሁለቱ ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም የሚለው ብቻ ነው።

ከዶሩሪያው እንጀምር። በከተማችን የተለመደው ሕፃን አያያዝ እናት ጋቢና ተቀምጣ ልጁን ማቀፍ ነው። አንዳንዱ አባትማ መሪና ልጅ አንድ ላይ ይዞ ሲነዳ ይታያል። እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ መሥራት ይገባል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ከግድግዳ ጋር ብትጋጭ በውስጧ ያለው ሰው የሚደርስበት ምት 10 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ ከመውደቅ ጋር ይተካከላል። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚህ ፍጥነት እየሄደ በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ውስጥ እንዲቆም ቢደረግ የእናቱ ክንድ መሸከም ያለበት ጫና ከአንድ ኩንታል በላይ ይሆናል። በድንገት የተወረወረ አንድ ኩንታል ጤፍ በእቅፏ ልታስቀር የምትችል እናት ማን ናት? ፍቅሯ ይህን አያንሳትም፤ ክንዷ ግን አይችለውም።

መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል። በርቲል አልድማን የተባሉ ስዊድናዊ ተመራማሪ ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞር የሕፃን ወንበር የሠሩት በ1960ዎቹ ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከአካሉ አንጻር ትልቅ፣ አንገቱም ገና ያልጠና ስለሆነ ፊቱን ወደ ፊት ካደረገ በግጭት ጊዜ ጫናው ሁሉ አንገቱ ላይ ያርፋል። ወደ ኋላ ከዞረ ግን ምቱን ጀርባውና የወንበሩ መደገፊያ ይካፈሉታል። ከ2013 ጀምሮ በአውሮፓ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ በእርሱ መሠረት የተሠራ ወንበር ልጁ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ድረስ ወደ ኋላ የዞረ እንዲሆን ያዛል። በስዊድን እስከ 4 ዓመት ገደማ እንዲዞር ይመከራል። ኤርባጉ ባልተዘጋ ጋቢና ላይ ግን ይህን ወንበር ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ለአዋቂ የተሠራው ኤርባግ ሲፈነዳ ወንበሩን መትቶ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላልና።

እንግዲህ ልብ እንበል። ይህ ሁሉ ስለ መኪናዋ ዓይነት የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። ወንበር የተገጠመላት ስፖርት ሴዳን ልጁ በእቅፍ ከሚሄድባት የዋህ መኪና ትሻላለች። እንዲያውም ለስፖርት ሴዳኗ ሐቋን እንስጣት። ጥሩ ፍሬን አላት፤ ከቅርብ ዓመታት የተሠራች ከሆነች ኤርባግ፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያና የሕፃን ወንበር በቀጥታ የሚያያዝበት ማያያዣ ይኖራታል። እርሷን ሸጦ አርባ ዓመት ያገለገለች፣ የኋላ ቀበቶዋ የጠፋ መኪና የሚገዛ ሰው ለሰው ዓይን ቁም ነገረኛ አባት መስሎ ልጁን ለባሰ አደጋ አሳልፎ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። መልክ ያታልላል።

ወደ አባትየው እግር ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ቀዳሚው ገዳይም ይኸው ነው። ይኸው ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ አደጋ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል ይላል። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የምቱ ጉልበት በአራት እጥፍ ያድጋል። ስፖርት ሴዳን ባለቤቷን በግድ አታስሮጠውም፤ ነገር ግን ትጋብዘዋለች። ቀለበት መንገድ ላይ ባዶ ቦታ ሲያይ፣ ከጎኑ ሌላ ጎረምሳ ማርሽ ሲለውጥ ነፍስያ ምን እንደምትል ባለቤቱ ያውቃል። ስለዚህ ራሱን መጠየቅ ያለበት ሰው እርሱ ነው፤ «ይህ ሞተር እየጋበዘኝ እምቢ ማለት እችላለሁን? ልጁ ከኋላ በሌለበት ቀንስ? በመንገድ የሚሻገረው የሰው ልጅስ?» የሰው ልጅም የአንድ ሰው ልጅ ነውና።

ይህ ጥያቄ በመሸጥ ብቻ አይዘጋም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በምትክነት የሚታሰቡት ኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ረጋ ያለ የቤተሰብ መኪና መስለው ከ4 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚደርሱ አሉ። እግሩን ያልገራ ሰው ስፖርት ሴዳኑን ሸጦ የባሰ ፈጣን መኪና በጸጥታ ሊገዛ ይችላል።

ከዚህም ባሻገር የሓጂያው ጉዳይ አለ። ጠንካራ ሞላና የጎን ከፍታው ያነሰ ጎማ ለአስፋልት እንጂ ለሰፈራችን ኮብልስቶን አልተሠሩም። ድምፅ የሚጨምር ማርሚታ የሚተኛን ሕፃን ይቀሰቅሳል፤ የጎረቤትንም ሐቅ ይነካል። ከ2014 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ስለጀመረ የሞተሯ ጥማት ከወተትና ከክትባት ቀን የኮንትራት ታክሲ ጋር በአንድ ኪስ ውስጥ ይሻማል። በሌላ በኩል ደግሞ አንዴ የተሸጠች የቤንዚን መኪና በምትኳ ሌላ ማስመጣት ስለማይቻል መሸጡ ከባድ ውሳኔ ነው። ይህን ምክንያት የሚያቀርብ ሰው ግን ለራሱ ሐቁን ይናገር። «ዋጋዋ ስለሚጨምር ነው ያቆየኋት» የሚለው እውነት ከሆነ መልካም ነው። ሰበብ ከሆነ ግን ሒሳብ የለበሰ ስሜት ነው።

«ታዲያ አባት የሆነ ሰው ለራሱ አንዳች ነገር አይቀረውም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የዋለ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ በመኪናው የሚያገኘው የግማሽ ሰዓት ደስታ ቀላል ነገር አይደለም። ደስታውን በግድ የተነጠቀ አባት ቤት ውስጥ ኩርፊያ ይዞ ይገባል። ከዚህ የከፋም አለ። ልጁ ሲያድግ «ለአንተ ስል መኪናዬን ሸጫለሁ» እያለ የሚመጻደቅ አባት አለ። ቁርአን ምጽዋትን በመመጻደቅና ተቀባዩን በማስከፋት ከንቱ እንዳናደርግ ያስጠነቅቀናል። ለባዳ የሰጡትን መመጻደቅ ካጠፋው፣ ለልጅ የተሰጠውንማ እንዴት አያጠፋው? ልጁ ሽጥልኝ አላለም። ያልጠየቀው ስጦታ ዕድሜ ልኩን የሚከፍለው ዕዳ ሊሆንበት አይገባም። መሸጥ የፈለገ ሰው አንዴ ይሽጥና ዝም ይበል። ዝም ማለት እንደማይችል ካወቀ ሳይሸጥ ደግሞ ደጋግሞ ያስብበት።

ታዲያ ውሳኔው የማን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ወንዶች የምንዘነጋው ነገር አለ። ቁርአን ሕፃንን ጡት የማስጣልን ጉዳይ እንኳ ባልና ሚስት ተመካክረውና ተስማምተው እንዲወስኑት አድርጓል። ጡት ማስጣል የእናት ብቻ ጉዳይ ካልሆነ፣ ልጁ የሚጓዝባት መኪና የአባት ብቻ ጉዳይ የምትሆንበት ምክንያት የለም። ከጎኑ ተቀምጣ ኩርባው ላይ እጀታውን ጨብጣ የምትይዘውን ሚስት አስተያየት ያልጠየቀ ሰው ስለ መኪናዋ ደህንነት ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። «ትፈሪያለሽ ወይ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ሳይከራከር መስማት የሹራ መጀመሪያ ነው። እርሷም ብትሆን ባሏ ከሥራ መልስ ምን እንደሚያስደስተው ማወቋ ቤቱን ይጠቅመዋል።

በመሆኑም በእኔ እምነት መልሱ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አንድ ነው። መጀመሪያ ዛሬውኑ፣ መኪናዋ ብትሸጥም ብትቆይም፣ የሕፃን ወንበር ይገዛና የኋላ ወንበር ላይ ይታሰር። አዲሱ ከተወደደ ግጭት ያልደረሰበት ያገለገለ ይፈለግ። ቀጥሎ አባትየው እግሩን ይመርምር፤ ግብዣውን እምቢ ማለት የማይችል ከሆነ ትሸጥ፤ በዚህ ላይ ሌላ ምክር አያስፈልግም። እምቢ ማለት ከቻለ፣ የቤቱ ወጪ ከቻላት፣ ሚስቱም ሳትፈራ ከተቀመጠችባት፣ አላህ የፈቀደለትን ደስታ ማንም ሊነፍገው አይገባም፤ ያቆያት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ሐቁ የልጁ ነው።

ልጅ አማና ነው። የአማና ባለቤት ደግሞ አንድ ቀን ይጠይቃል፤ ያን ቀን የሚጠየቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት አይሆንም፤ ስለ ያዘው እጅ ነው። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።