ደካማ ካርታ ይዞ መጨመር ውሸት ነው?

በቴክሳስ ሆልደም ፖከር የመጀመሪያው ውርርድ የሚካሄደው እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ብቻ ይዞ፣ የጋራዎቹ አምስት ካርታዎች ገና ሳይገለጡ ነው። በዚህ ሰዓት ደካማ ካርታ የደረሰው ሰው ጠንካራ እንደያዘ ሆኖ ውርርዱን ከፍ ቢያደርግ ተጫዋቾች ብለፍ ይሉታል። ሰውን ለማሳሳት የሚደረግ መሆኑ አያከራክርም። ውሸት ግን አይደለም ባይ ነኝ፤ ለዚህም ዋናው ማስረጃዬ ብለፍ የሚያዋጣበት ሁኔታ ራሱ ነው።

አንዱ ውርርዱን በ250 ቺፕ ከፈተ እንበል። በግዴታ ከተቀመጡት 50 እና 100 ጋር መሃል ላይ 400 አለ። ቀጥሎ ተራው የደረሰው 750 ካለ፣ 400 ለማግኘት 750 አስይዟል። ከመቶ ጊዜ ከ65 በላይ ሁሉም ካርታቸውን ከጣሉለት፣ የያዘው ምንም ይሁን ምን ያተርፋል። ለዚህ ምልክታቸው አንድ የሆነ ኤስና አምስት ተመራጭ ናቸው። አንዱ ኤስ እሱ ዘንድ ስለሆነ፣ ሌላው ሰው ጥንድ ኤስ ሊይዝ የሚችልባቸው መንገዶች ከ6 ወደ 3፣ ኤስና ኪንግ የሚይዝባቸው ደግሞ ከ16 ወደ 12 ይወርዳሉ። ሁሉን ውርርድ እየተከተለ የሚከፍል ሰው ፊት ግን ይህ ስሌት ከንቱ ነው። ብለፍ የሚሠራው አስቦ መጣል በሚችል ሰው ላይ ነው።

ውሸታም የሚፈልገው ቃሉን የሚያምንለትን ሰው ነው። ብለፍ የሚያደርግ ተጫዋች ግን የሚገጥመው “ይህ ሰው ባዶ እጁን ይሆን?” ብሎ የሚመዝን ሰው ነው። ጆን ፎን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን በ1944 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ቀለል ያለ ፖከር ሲመረምሩ፣ ብለፍን የትክክለኛ አጨዋወት አካል ሆኖ አግኝተውታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጠንካራ ካርታ ሲይዝ ብቻ የሚጨምርን ሰው ማንም አይከተለውም።

ቅዱስ አውግስጢኖስን የሚጠቅስ ሰው፣ ውሸት ማለት በልብ ሌላ ይዞ ለማሳሳት በቃል ወይም በማንኛውም ምልክት ሌላ መግለጽ ነው ብሎ ይሞግተኝ ይሆናል። ማሳሳቱ አለ፤ ምስክርነቱ ግን የለም። ቺፕ የገፋ ሰው ዋጋ ጠራ እንጂ ስለ ካርታው አልመሰከረም። “እናቴ ትሙት፣ ጥንድ ኤስ ነው የያዝኩት” ብሎ ቢምል ግን ዋሸ፤ ከጨዋታው ውጭ የተገነባን መተማመን ወደ ጠረጴዛው አምጥቶ አስይዟልና። አልበርት ካር በ1968 እ.ኤ.አ. ንግድን ከፖከር ጋር አመሳስሎ ለነጋዴ ብለፍን የፈቀደበትን ክርክር የማልቀበለውም ለዚሁ ነው። ገዢ የሻጩን ቃል ሰምቶ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው፤ እንዲህ ያለ ጨዋታ ውስጥ ለመግባት አልተስማማም።

የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው። ጨዋታው ገና ያልገባው ፈሪ ጀማሪ ትልቅ ጭማሪ ሲያይ እውነት መስሎት ካርታውን ይጥላል፤ በስሌቱ ከሱ የሚመች ሰው የለም። እሱ ግን የሚጨምር ሰው ባዶ እጁን ሊሆን እንደሚችል ስላላወቀ፣ በዚህ ሕግ ለመጫወት ተስማምቷል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሕጉን ሳያስረዱት እሱን በብለፍ ማስጣል፣ ሒሳቡ ቢያዋጣም፣ ከውሸት የሚለይበት ነገር አይታየኝም።