ስለ ጉርምስና ሀፍረት

ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሳለ፥ ማንም ሳይነካው ፊቱ በድንገት የሚግልበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ቢመረመር ብዙ ጊዜ ከሃያ ዓመት በፊት የተደረገ ተራ ነገር ሆኖ ይገኛል። እኔም በመሥሪያ ቤቴ መዝገብ ሳገላብጥ ይኸው ይደርስብኛል።

ነገሩ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በትምህርት ቤታችን ጧት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ አንድ ተማሪ የጻፈውን በሰልፉ ፊት ማንበብ ልማድ ነበረና ተራው ለእኔ ደረሰ። ስለ ዕውቀት ብርሃን ግጥም ጽፌ፥ የታላቅ ወንድሜን ኮት ለብሼ፥ ከድምፅ ማጉያው ፊት ቆምሁ። በዚያ ዕድሜ የወንድ ልጅ ማንቁርት ሲያድግ የድምፅ አውታሮቹ ስለሚረዝሙ፥ ድምፁ ለጊዜው ለባለቤቱ አይታዘዝም፤ ይህን ግን ማን ነግሮኝ! ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ድምፄ ጩኸት እንደሚለማመድ አውራ ዶሮ ተሰነጠቀና ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ይህን ዛሬ ሳስታውሰው እኔም እስቃለሁ። የዚያ ልጅ ጥፋቱ ምን ነበረ? ከዕድሜው በላይ ለመሆን ቸኮለ፥ ኮቱም ሰፋው፤ ሌላ የለበትም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ና፥ አጠገቤ ተቀመጥ» ሊሉት ይገባል እንጂ ዕድሜ ልክ ሊወቅሱት አይገባም።

የሚያስቸግረኝ በዚያው ቀን የሆነው ሁለተኛው ነገር ነው። በዕረፍት ሰዓት ሳቁ እንዳልበረደ ባየሁ ጊዜ፥ ከራሴ ላይ ላወርደው ብዬ፥ ሲናገር የሚንተባተበውን አንድ የክፍል ጓደኛችንን እያስመሰልሁ አሳየኋቸው። ተሳካልኝ፤ ሳቁ ወደ እርሱ ዞረ። እርሱ ግን አንዳች ሳይመልስ ደብተሩን ይዞ ሄደ።

ብዙዎቻችን እነዚህን ሁለቱን በአንድ ስልቻ ከተን «ልጅነት ነው» ብለን እናስራቸዋለን። በእኔ አስተያየት ግን ሀፍረት ሌላ፥ ጸጸት ሌላ ነው። ሀፍረት «ሰው ምን ይለኛል» ይላል፤ ጸጸት «ሰውን ምን አደረግሁት» ብሎ ይጠይቃል። አውግስጢኖስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ397 ዓ.ም. ገደማ መጻፍ በጀመረው ኑዛዜው፥ በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ከሰው ዛፍ የሰረቀውን ፍሬ አንሥቶ፥ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደማያደርገው ይናገራል። እኔም ብቻዬን ብሆን አላደርገውም ነበር። ነገር ግን እርሱ ይህን የጻፈው በደሉን ለመረዳት እንጂ ከበደሉ ለማምለጥ አይደለም። እኔም ያን ተሳላቂ «እርሱ እኔ አይደለሁም» ብዬ ብክደው፥ ኮት የሰፋውን ልጅ አብሬ መካዴ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሰው ነበሩና።

ባለፈው ወር ያ ጓደኛችን ለጉዳይ ወደ መስኮቴ መጣ። እንዳየኝ ሳቀና «ግጥምህን ታስታውሰዋለህ? ድምፅህማ!» አለኝ። ዛሬም ጥቂት ይንተባተባል። ሌላውን ነገር አላነሣውም፤ ረስቶት ይሁን ትቶልኝ ይሁን አላወቅሁም። እኔም ከኋላው ባለጉዳይ ተሰልፎ ስለ ነበረ ዝም አልሁ። ሰልፍ ዛሬም ያስፈራኛል ማለት ነው። መዝገቡ ገና አላለቀለትምና ማክሰኞ እንዲመለስ ነግሬዋለሁ።