እስቲ ጻፍና አሳየን

ሹፌር የሚቀጥር ሰው መንጃ ፈቃዱን ብቻ አይቶ ቁልፉን አያስረክብም፤ «እስቲ አንድ ዙር ንዳ» ይላል። ልብስ ሰፊም ከመቀጠሩ በፊት ጨርቅና መቀስ ይሰጠዋል። ለጋዜጣ፣ ለሬዲዮ ወይም ለማስታወቂያ ሥራ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ግን ነገሩ ይለወጣል። የክፍት ሥራ ማስታወቂያው ዲግሪና የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ «እስቲ ራስህን አስተዋውቀን» ይባላል። አፈኛው ያልፋል፤ አንደበቱ የተያዘው፣ ብዕሩ ግን የተፈታው ሰው ከበር ይመለሳል።

ስለዚህ እኔ የጽሑፍ ፈተና ደጋፊ ነኝ። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያመዛዝኑ፣ የሰውን የሥራ ብቃት አስቀድመው ከሚጠቁሙት መንገዶች ሥራውን ራሱን አሠርቶ ማየት ከፊት ተሰልፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን ከልሰው ደረጃውን ዝቅ አድርገውታል፤ በደንብ የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅንም አስቀድመውበታል። የሥራ ልምድን በዓመት መቁጠር ግን በሁለቱም ስሌት ከግርጌው አካባቢ ነው። እኛ በደማቁ የምንጽፈው ደግሞ ይህንኑ!

ከጥቅሙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፍትሑ ነው። አራሚው የሚያየው ጽሑፉን ነው ወይስ የጸሐፊውን ስም? ቻይናውያን ይህን ጥያቄ ከሺህ ዓመት በፊት አንስተውታል። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ለመንግሥት ሹመት የሚፈተነው ሰው ስሙ በወረቀት ይሸፈን ነበር፤ የእጅ ጽሕፈቱ እንዳይታወቅም መልሱ በሌላ ሰው እጅ ተገልብጦ ነበር ለአራሚው የሚቀርበው። ያ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1905 ቀርቷል። ስም መሸፈን ግን ዛሬም ከቁራጭ ወረቀትና ከሙጫ በላይ ወጪ የለውም። ቦታው አስቀድሞ ለሰው ተሰጥቶ ካለቀ ግን ፈተናው ድራማ ነው፤ ሌላው ሰው ተስፋ አድርጎ የመጣው አጃቢ ሊሆን አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ የላብ ነው። አንድ ወዳጄ ለፈተና ብሎ የጻፈውን ማስታወቂያ ከወራት በኋላ በሬዲዮ ሰማው። ሥራውንም አላገኘ፣ ሳንቲምም አላገኘ። ልብስ ሰፊውን ፈትኖ የሰፋውን ሱሪ ለብሶ መሄድ ምን ይባላል? ለፈተና የተጻፈ ለፈተና ይቅር፤ ከተፈለገም ይከፈልበት።

በቅኔ ቤቶቻችን ተማሪው የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ የሚጀምረውም ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ነው። መምህሩ ሰምቶ ዝም አይልም፤ ያርመዋል። ተማሪው ቢሳካለትም ባይሳካለትም አንድ ነገር ይዞ ይመለሳል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚፈተነው ጸሐፊ ግን «እንደውልልሃለን» ተብሎ ይሸኛል፤ ስልኩም አይጮኽም።

«ዛሬ ቻትጂፒቲ እያለ የምን ፈተና ነው?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ቤት ተወስዶ የሚጻፍ ፈተና የማን እጅ እንዳለበት አይታወቅም። ነገር ግን ጽሕፈት መጻፍ ብቻ አይደለም፤ መሰረዝም ነው። የተንዛዛ አንድ ገጽ እዚያው ሰጥቶ «አቃናው» ማለት፣ ከዚያም «ይቺን ዐረፍተ ነገር ለምን አወጣሃት?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ምክንያቱን አስረድቶ የሚመልስ ሰው ሥራውን ያውቀዋል።

አንዲት ልጅ የታክሲ ከፍላ መጥታ ሁለት ሰዓት ሙሉ አቀርቅራ ከጻፈች፣ አሥር ደቂቃ ወስዶ በቅጡ የሚያነብላት ሰው ይገባታል። ካልተቀጠረችም ለምን እንዳልተቀጠረች ይነገራት። ይህን ለማድረግ ጊዜ የለኝም የሚል መሥሪያ ቤት፣ የእሷን ሁለት ሰዓት የመውሰድ መብቱን ከየት አገኘው?