ለባለሞተር ልጆቼ፦ ስም ያልሰረቀ ዕቃ ግዙ

አንተ ቴፒ ላይ በሞተር ሳይክል እሸት ቡና ታመላልሳለህ፤ ታናሽህ ደግሞ ጋምቤላ ወርዶ ባሮ ላይ የጀልባ ሞተር ይነዳል። ሥራችሁ ለየቅል ቢሆንም የላካችሁልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ካንዴላ፣ ቦቢና ወይም ሲዲአይ ሲሞት የፋብሪካውን ኦርጅናል ልግዛ ወይስ ኮፒውን? ዕድሜውን ሚዛን ከተማ በግራሶና በቤንዚን መሀል የጨረሰ አባት ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል፤ እኔ የመጀመሪያውን ድርሻ ልወጣ።

መልሱን አላንዛዛም። ዕቃው ከየት ፋብሪካ ወጣ ከማለታችሁ በፊት፣ መንገድ ላይ ቢሞትብኝ ምን አጣለሁ በሉ። ብዙ የምታጡበት ቦታ ላይ የታመነውን፣ ጥቂት የምታጡበት ላይ የሚበቃውን ግዙ። ደግሞም በራሱ ስም የሚሸጥ ኮፒ፣ የሌላውን ስም ለብሶ ከመጣ «ኦርጅናል» ይሻላል። ይህ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ይብስብኛል፤ ገበያችንን ያመሰው ኮፒው ሳይሆን ውሸቱ ነው።

ግን ኪሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ»። አገራችን ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ ከሸኮ እስከ ማሻ፣ ዝናብ የማይለየው ነው። ሞተር አልነሳ ሲል ብዙው ልጅ ሱቅ ይሮጣል። ሲዲአይ ይገዛል፣ አይነሳም፤ ቦቢና ይገዛል፣ አይነሳም፤ በመጨረሻ የካንዴላው ቆብ ውስጥ ውሃ ገብቶ ይገኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!

አሠራሩን ከልባችሁ ያዙት። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ቮላኖው ላይ ያለው ማግኔት ሲዞር ከሥሩ ያለው ጥቅል ሽቦ ኃይል ያመነጫል። ሲዲአዩ ያንን ኃይል አጠራቅሞ ልክ በሰዓቱ ባንዴ ይለቀዋል፤ ቦቢናው ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድገዋል፤ ካንዴላው ጫፍ ላይ ብልጭታ ይሆናል። ይህን ያህል ቮልት ሁልጊዜ አቋራጭ ይፈልጋል። ቆቡ ከተሰነጠቀ፣ ገመዱ ከተላጠ፣ ነጩ ሸክላ ላይ ጭቃና እርጥበት ካለ፣ በጫፉ መዝለሉን ትቶ በውጭ በኩል ወደ ብረቱ ይወርዳል። ስለዚህ ማታ በጨለማ ሞተሩን አስነሱ፣ እምቢ ካለም ደጋግማችሁ እርገጡና ገመዱንና ቆቡን በዓይናችሁ ብቻ ተከተሉ፤ ሰማያዊ ብልጭታ በውጭ ሲሮጥ ካያችሁ ሌባው ተያዘ። ከዚያ የማሳውን ሽቦ እዩ። የማጥፊያውንም ሽቦ እዩ፤ እሱ ተልጦ ብረት ከነካ ሲዲአዩ ደህና ሆኖ ሳለ ሞተሩ እንደጠፋ ይቀራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። ብልጭታ ስትፈትሹ ካንዴላውን ቆቡ ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኙት። ገመዱን በአየር ላይ አንጠልጥሎ ሞተር መርገጥ፣ መውጫ ያጣው ቮልት ቦቢናውንና ሲዲአዩን ራሱን እንዲበሳ መጋበዝ ነው። ቤንዚን የነካ ጨርቅም ከአጠገባችሁ አርቁ።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። እናንተ መደርደሪያው ላይ ኦርጅናልና ኮፒ ብላችሁ ሁለት ታያላችሁ፤ እኔ አራት አያለሁ። አንደኛው በሞተሩ ፋብሪካ ካርቶን የታሸገው ነው። ሁለተኛው ለዚያው ፋብሪካ ዕቃውን የሚያቀርበው አምራች በራሱ ካርቶን የሚሸጠው ነው። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ገንዘቡን ይጥላል። ያማሃ ለጀልባ ሞተሮቹ በመመሪያው ላይ የሚያዘው የኤንጂኬን ካንዴላ ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከኤንጂኬ ካርቶን ብታወጡት የያማሃ ስም የለበትም ተብሎ ብልጭታው አይቀንስም። ሦስተኛው ሌላ ድርጅት በራሱ ስም፣ በራሱ ኃላፊነት የሠራው ነው። በውጭው ዓለም ሲየራን የመሰሉ ለጀልባ ሞተር ብቻ ቅያሪ ዕቃ እየሠሩ ስም ያተረፉ አሉ፤ ኮፒ ተብለው የሚናቁ አይደሉም። አራተኛው ያ ስም ሰራቂው ነው። መደርደሪያው ላይ ከአንደኛው አጠገብ ይቀመጣል፤ ዋጋውም ጥርጣሬ እንዳያመጣ ትንሽ ብቻ ዝቅ ይላል።

ሰራቂውን እንዴት ትለዩታላችሁ? ኤንጂኬ ከ1936 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ የጃፓን ስም ነው፤ ስም ያለው ደግሞ አስመሳይ አያጣም። ካንዴላውን ከካርቶኑ አውጡት። ቀለበቷን በጣታችሁ ዞር ዞር አድርጉ፤ የእውነተኛው በቀላሉ ተፈትታ አትወድቅም። ጥርሱ ልስልስ ያለና እኩል፣ የመሀሉ ጫፍ በትክክል መሀል ላይ የቆመ፣ ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ የጠራ መሆን አለበት። ጽሑፉ በጥፍር ሲቦጫጨር ከተነሳ ዕቃውን መልሱና ከሱቁ ውጡ። ባለሱቁን አትስደቡት፤ እሱም ተታሎ ይሆናል።

ከአስመሳዩ ባልተናነሰ ሰው የሚያከስረው የቁጥሩ ነገር ነው። ካንዴላ ላይ ያለው ቁጥር ሙቀቱን እንዴት እንደሚያስወጣ ይናገራል፤ ችግሩ ፋብሪካዎቹ ቋንቋቸው አንድ አለመሆኑ ነው። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው «ቀዝቃዛ» ይሆናል፤ በቦሽና በሻምፒዮን ሲጨምር «ሙቅ» ይሆናል። የአንዱን 8 ቁጥር በሌላው 8 ቁጥር የተካ ሰው ተመሳሳይ የገዛ ይመስለዋል። ያለልክ የሞቀ ካንዴላ ጭነት ላይ ቤንዚኑን ያለሰዓቱ አቀጣጥሎ ፒስተን ይበሳል፤ ያለልክ የቀዘቀዘው በጥላሸት ይዘጋል። የጥርሱም ርዝመት እንዲሁ ነው፤ ረዘም ያለው ወርዶ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። ባለሱቁ «ያው ነው ወንድሜ» ሲላችሁ፣ ያው አለመሆኑን ይህ ሽማግሌ ነግሮኛል በሉት።

እንግዲህ አንተ፣ የቴፒው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይብላላል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ከየኪ ቀበሌዎች ወይም ከሸኮ ዳገት በላይ ጆንያ ጭነህ ስትወርድ ሞተርህ ጫካ መሀል ቢቆም የሚጠፋው የቦቢና ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የገበሬው ቀን ነው፤ ያንተም ስም ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላት ሴትዮ ዛሬ ብትኖር ርካሽ ሲዲአይ ትገዛ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ካንዴላ በታወቀ ስም፣ በትክክለኛ ቁጥር ግዛ፤ የሞተሩ ፋብሪካ ካርቶን ላይ ተጨማሪ ብር አታፍስ። ቆቡና ገመዱ ደህና ኮፒ ይበቃቸዋል፤ ይልቅ ሳይሰነጠቁ ቶሎ ቶሎ ቀይራቸው። ቦቢና በውጭ የተንጠለጠለ፣ በጥቂት ቡለን የሚፈታ ነው፤ ስሙን የሚናገር ኮፒ ብትገጥም አልቆጣም፣ የሚሠራውን አሮጌ ግን ከመቀመጫህ ሥር ያዝ። ከቮላኖው ሥር ያለው ጥቅል ሽቦ ላይ ግን አትጫወት። እሱን ለመድረስ ሞተሩን መክፈት፣ ቮላኖውን በመሳቢያ ማውጣት አለብህ፤ ይህን ሥራ ሁለቴ የሚያሠራህ ዕቃ በነፃም ቢሰጥህ ውድ ነው። እዚያ ኦርጅናሉን አስገባ። ጥቅሉ ውስጡ ከተሰነጠቀ ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ሲግል ይጠፋል፣ ዛፍ ሥር ካረፍክ በኋላ እንደገና ይነሳል። ይህን ጠባይ ካየህ ካርቡራተሩን አትውቀስ።

ሲዲአዩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሲዲአይ ብልጭታ መልቀቅ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ሞተሩ ሲፈጥንና ሲዘገይ ብልጭታው መቼ መሆን እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። ርካሹ ኮፒ ሶኬቱ ይገጥማል፣ ሞተሩም ይነሳል፣ አንተም «እሰይ» ትላለህ። ዳገት ላይ ግን ጉልበት ያጣል፣ ይግላል፣ ቤንዚን ይበላል። ተነሳ ማለት ሠራ ማለት አይደለም፤ ሶኬቱ ገጠመ ማለትም ሰዓቱ ገጠመ ማለት አይደለም። ጭነህ ዳገት ላይ ሳትሞክረው ለባለሱቁ «ደህና ነው» ብለህ አታረጋግጥለት።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ የባሮው። «ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር» ብለዋል አባቶች፤ ያንተ ሥራ ግን ከተረቱ ጋር ተጣልቷል። ባሮ ለትልቅ ጭነት የሚመቸው በክረምት ሲሞላ ነው። ድሮም እንዲሁ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተክሎ የጎሬ በኩል ቡና በክረምቱ ሙላት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። የሚገርመኝ፣ በዚያው ዓመት ጀርመን አገር የቦሽ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ በከፍተኛ ቮልት የሚሠራውን ማግኔትና ካንዴላ አቀረበ። የእንፋሎቱ መርከብ ካንዴላ አልነበረውም፣ በእሳት ማንደጃ ይሄድ ነበር፤ ያንተ ጀልባ ግን ሙሉ በሙሉ በዚያች ብልጭታ ላይ ተንጠልጥላለች።

የያማሃ ኢንዱሮ ባለ 15 እና ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተሮች ሁለት ሲሊንደር አላቸው፤ በእጅ ተጎትቶ የሚነሳው ለብልጭታው ባትሪ አይፈልግም። አንዱ ካንዴላ ቢሞት በሌላው እያነከስክ ዳር ትደርሳለህ። ሲዲአዩ ከሞተ ግን ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ፣ ወንዙም ወደፈለገበት ይወስድሃል። ስለዚህ ላንተ የምመክርህ ከወንድምህ ይለያል፦ ሲዲአዩና ከቮላኖው ሥር ያሉት ጥቅሎች ኦርጅናል ወይም ስም ያተረፈ የጀልባ ዕቃ አምራች የሠራቸው ይሁኑ፤ ከሌለህ ሠርተህ እስክትገዛ ጠብቅ። ከያማሃ ጋር የሚመሳሰሉ የቻይና ሞተሮች አሉ፣ ፓርሰንን የመሰሉ፤ ዕቃቸው ይረክሳል፣ ይመሳሰላልም። ለራሳቸው ሞተር ይሁኑ፤ ያንተ ሞተር ላይ ግን ዳር ታስሮ ሳይፈተሽ መሀል ወንዝ አትግባበት። ካንዴላና ካንዴላ መፍቻ ውሃ በማያስገባ ነገር ጠቅልለህ ያዝ፤ መቅዘፊያውንም አትርሳ። ሞተሩ ሲግል መንተባተብ ከጀመረ «ነገ አየዋለሁ» አትበል፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሞተሩ በውጭ በኩል የተንጠለጠለ ሳይሆን በጀልባው ሆድ ውስጥ የተቀመጠ የቤንዚን ሞተር ሆኖ ቢሰጥህ ደግሞ ይህን ስማ። የመኪና ስታርተር፣ ዲናሞ ወይም ዲስትሪቢዩተር ቡለኑ ስለገጠመ ብቻ የሚያስገቡ አሉ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መኪና ላይ ከሥር ወርዶ ይበተናል፣ ጀልባ ውስጥ ግን ወለሉ ላይ ይተኛል። የጀልባው ዕቃ ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃም ይህን በደንብ ያስገድዳል። የመኪናው ዕቃ ግን እንዲህ አልተሠራም። እዚህ ላይ ስለ ዋጋ አናወራም፤ የመኪና ዕቃ አይገባም፣ አለቀ።

ሁለታችሁም ደረሰኝ ተቀበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ ለገዛ ሰው መብት ይሰጣል፤ ያለ ደረሰኝ የገዛ ግን በምን ያስረዳል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። መካኒኩ «ዕቃውን እኔ ላምጣው» ካላችሁ ካርቶኑንና አሮጌውን ዕቃ ጠይቁት፤ ታማኝ ከሆነ አይከፋውም።

የመጨረሻው ነገር ጊዜ ነው። ኦርጅናል ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ፤ ለቀማ መሀል ሲቸግራችሁ ያገኛችሁትን ትገዛላችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አሁን፣ ቡናው ሳይቀላ፣ ካንዴላችሁን ፍቱና ላዩ ላይ የተጻፈውን ፊደልና ቁጥር እንዳለ ጻፉልኝ፤ የሲዲአዩንም ቁጥር ጨምሩበት። ላኩልኝና ሚዛን ሱቆች ያለውን እኔ ራሴ በዓይኔ አይቼ፣ የቱን እንደምትገዙ እነግራችኋለሁ።