በአንድ ትሪ የበላን

የካቲት ሲገባ እንቅልፍ ይሸሸኛል። ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ የወደቀችው በ1982 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ስለ ኤርትራው ጦርነት ሲወራ ናቅፋ ይነሳል፣ አፍዓበት ይነሳል፣ ተራራውና ምሽጉ ይነሳል። የእግረኛው ሟች ቢያንስ የወደቀበት ጋራ ስም አለው። የባሕረኛው ወገን ግን «እዚህ ነው የቀረው» ብሎ ጣቱን የሚቀስርበት ቦታ የለውም።

እኔ ባሕር ኃይል የገባሁት በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ነው። መኮንኖቹ አሥመራ ከሚገኘው ኮሌጅ ይመጣሉ፤ እኛ ተራዎቹ የሠለጠንነው እዚያው ምጽዋ ነው። ትልቋ መርከባችን «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። አሜሪካኖች ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሠርተዋት በ1954 ዓ.ም. ለእኛ የሰጧት ናት። ምክትል አዛዣችን የነበሩት ልዑል እስክንድር ደስታ ኅዳር 1967 ከስድሳዎቹ ባለሥልጣናት ጋር በደርግ ሲረሸኑ፣ አገሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ገና ልጆች ነበርን።

ባሕር አይቶ የማያውቅ የጎጃም ልጅ ከእኛ ጋር ነበር፤ መድፈኛ ነው። ዋና ያስተማረው የምጽዋ ተወላጅ የሆነ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ትግረውንም ዓረብኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገራል። ጎጃሜው ውኃ ጠጥቶ ሲያስለው «አይዞህ ወንድሜ፣ ጨው ነው፣ አይገድልህም» ይለው ነበር። የምጽዋ ሙቀት ብረቱን ያግለዋልና ሌሊት ከታች አንተኛም። በላይኛው ወለል ላይ ተደርድረን ተኝተን ስለ እናቶቻችን እናወራለን። ጠዋት በአንድ ትሪ እንበላለን። አንድ ጊዜ ሞተር ክፍል እሳት ተነሥቶ፣ ጭሱ ውስጥ የሚያቀባብለኝ እጅ የማን እንደሆነ ሳላውቅ ባልዲ ስቀበል አስታውሳለሁ። የማን እንደሆነ መጠየቅ ለማንም አልታየውም። ያ አለመጠየቅ ነው እስከ ዛሬ የሚናፍቀኝ።

ጦርነቱ ጠየቀን። የምጽዋው ልጅ አንድ ቀን ለፈቃድ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ሜዳ ወጣ፤ ከሻዕቢያ ጋር ተቀላቀለ። ታኅሣሥ 1970 ሻዕቢያ የጦር ሰፈራችንን ለመያዝ ሳሊና በሚባለው የጨው ሜዳ ሲመጣ፣ ተዋጊዎቹ ሽፋን በሌለው ጨዋማ ውኃ ውስጥ ከምድርም ከመርከብም በሚተኮስ እሳት አለቁ። እኔ ከተኮሰው ወገን ነበርኩ። የምጽዋው ልጅ እዚያ መሃል ይኑር አይኑር ሳላውቅ አርባ ዓመት ኖርኩ።

በ1982 ተራው የኛ ሆነ። የሻዕቢያ ፈጣን ጀልባዎች ከየአቅጣጫው መጡብን። ጎጃሜው መድፈኛ ከመድፉ ጋር ሰጠመ። ጥዋለት ደሴት ላይ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት ጄኔራል ተሾመ ተሰማ ዛሬም ይታወሳሉ፤ ይገባቸዋልም። የመድፈኛውን ስም ግን በአደባባይ የሚያነሳው የለም። በዓመቱ፣ ግንቦት 1983፣ የተረፉት መርከቦች ከአሰብ ተነሥተው ወደ የመን ሸሹ። «ኢትዮጵያ» ከእነርሱ ጋር ነበረች፤ መጨረሻዋ ለቁርጥራጭ ብረት መሸጥ ሆነ። ባሕር ኃይሉም በ1988 ፈረሰ። ካድሬውም ታሪክ ጸሐፊውም ስለ ሽንፈቱ ብዙ ብሏል። ስለ ሰዎቹ ማለት የነበረበትን ግን አላለም፤ ይህን እንደ በደል እቆጥረዋለሁ።

ሐምሌ 2010 ከኤርትራ ጋር የስልክ መስመሩ ዳግም ሲከፈት ከሰው ሰው ተቀባብሎ ቁጥሬን ያገኘ ሰው ደወለ። የምጽዋው ልጅ ነበር። ድምፁ አርጅቷል። «ሳሊና ነበርክ?» አልኩት። «ነበርኩ» አለኝ። «አንተስ በየካቲቱ?» አለ። «ነበርኩ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ውጊያው አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ስም እየጠራን፣ ያለውን «አለ»፣ የሌለውን «ነፍስ ይማር» እያልን አመሸን። ጎጃሜው ጋ ስንደርስ ሳይደበቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ዋና ያስተማረው እሱ ነበርና።

የመድፈኛው እናት እስኪሞቱ ድረስ «ልጄ የመን ነው፣ ይመጣል» እያሉ ኖሩ። መርዶ ስላልተነገራቸው ልቅሶ አልተቀመጡም፤ ተዝካርም አልወጣለትም። አንድ ቄስ ጠይቄ፣ አስከሬን ባይኖርም ፍትሐት እንደሚደረግ ነገሩኝ። «የክርስትና ስሙን አምጣ» አሉኝ። አላውቀውም። በአንድ ትሪ የበላን ሰዎች የክርስትና ስም ተጠያይቀን አናውቅም ነበር። አሁን የሚነግረኝ እናት የለም። ከመካከላችን ሙስሊሞችም ነበሩ፤ ለእነርሱም አስከሬኑ በሌለበት የሚሰገድ ሶላት አለ፤ ግን መሞቱን የሚነግር ሰው ይፈልጋል።

በምጽዋ አደባባይ ላይ ለሻዕቢያ ድል ታንኮች ቆመዋል፤ በየዓመቱም ይከበራል። አልቀናባቸውም፤ ሳሊና ላይ የቀረው ልጅም ወላጅ አለው። እኔ የምለምነው ሐውልት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና እንዲቋቋም ሲወሰን የደስታ መልእክት ከላኩልኝ ወጣቶች መካከል ስለ አሮጌዎቹ የጠየቀኝ አልነበረም። በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የቀድሞ ባሕረኛ ካለ አጠገቡ ቁጭ በሉና የሚያስታውሳቸውን ሁሉ በእርሳስም ቢሆን ጻፉ፤ ሙሉ ስም፣ የክርስትና ስም፣ የእናት ስም፣ አገር። ወደ ሜዳ የወጡትንም አትዝለሉ። እኛ ሰባውን አልፈናል፤ ዘንድሮ ብትመጡ ይሻላል።